እኔን ሲያይ የሚቋረጠው መስመር

ከሳሎናችን እስከ ትንሿ ክፍል ስምንት እርምጃ ነው። ለዚህ ስምንት እርምጃ ነው እንግዲህ ከተለመደው አሥር እጥፍ የሚፈጥን የኔትወርክ ካርድ የገዛሁት። ሚስቴ ስትሰማ፣ «በእግርህ ብታመላልሰው አይሻልም ነበር?» አለችኝ።

ሥራዬ ኔትወርክ ነው። የአንድ ትልቅ ድርጅት ሰርቨሮች የተደረደሩበትን አዳራሽ እጠብቃለሁ። እዚያ ካፖርት ለብሼ ነው የምውለው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማታ ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን አወልቅና ወደ ራሴ ሰርቨር እሄዳለሁ። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ የተከማቸበት፣ ከጫማ መደርደሪያ የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው። ካርዱን ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ከወጣ አሮጌ ዕቃ መሀል መርጬ አመጣሁትና የሰካሁት ቀን በረረ። ለሃያ ደቂቃ ያህል በረረ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተቋረጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከካርዱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆንን።

በዚህ መሀል አማቴ መጡ። አማቴ በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሰውና ሰው በሽቦ ሲያገናኙ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስቴ እዚሁ ከኛ ጋር ጠቅልለው እንዲቀሩ ትፈልግ ነበር። ችግሩ ያለን ትርፍ ክፍል አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ሰርቨሩ ይዞታል። አልጋቸውን ከሰርቨሩ ጎን ዘረጋንላቸው።

«ይኼን ነገር ከናቴ ራስጌ አውጣልኝ» አለች ሚስቴ።

«አሁን አይቻልም። በኛ ሥራ ሕግ አለ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለወጠው። ቦታውን ከቀየርኩት በሽታውን መቼም አላገኘውም።»

«መቼ ነው የምታገኘው?»

«እያየሁት ነው።»

ይቺን «እያየሁት ነው» ሦስት ሳምንት ሙሉ ተናገርኳት። እውነቱን ልናዘዝ መቼም፤ አማቴን አልጠላቸውም። ግን ሰው በገዛ ቤቱ በካልሲው መንጎራደድ፣ ሲያሰኘው ማዛጋት ይፈልጋል። ክፍሉ ለሰርቨሩ ቢቀር የሚከፋኝ አይመስለኝም ነበር።

አማትና አማች እንዴት እንደሚፈራሩ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ የክፍሉን በር ሳንኳኳ እሳቸው ብድግ ይላሉ። ሬዲዮናቸውን ይዘጋሉ፣ የራስጌ መብራቱን ያጠፋሉ፣ ማራገቢያውን ያጠፋሉ፣ መነጽራቸውን ይይዛሉ፣ ይወጣሉ።

«ግድ የለም እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» እላለሁ።

«የለም የለም፣ ሥራህን ሥራ የኔ ልጅ።»

ሁለታችንም እፎይ እንላለን። እሳቸው ሳሎን ከልጃቸው ጋር እራት ይበላሉ፣ እኔ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሰርቨሩ ፊት ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። የመጡ ሰሞን ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉት ደርሼ፣ «እማማ፣ እባክዎ እንዳይነኩት!» ብያቸዋለሁ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። በማግስቱ ጭራሽ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ያንን ወረቀት ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ያላደረግኩት የለም። ኬብሉን ቀየርኩ። በሳሎን በኩል ያለውን መሰኪያ ቀየርኩ። ካርዱን ነቅዬ አጠገቡ ካለው ቀዳዳ ሰካሁት። ሶፍትዌሩን አዲሱን ጫንኩ፣ ወደ አሮጌው መለስኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ አንዱን ማስተካከያ ስነካካ የሚስቴ ፕሪንተር አንደበቱ ተዘጋ። ለሻጩም ቁጣ ቁጣ የሚሸት ደብዳቤ ሰደድኩለት። ምስኪኑ፣ «መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ ሁለት ዓመት ሠርቷል ጌታዬ» ብሎ መለሰልኝ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። መሥሪያ ቤት ሆኜ ሰርቨሩ እያንዳንዱን መቋረጥ የሚጽፍበትን መዝገብ ከሩቅ ስከፍተው መስመሩ ቀኑን ሙሉ ጤነኛ ነው። ከባድ ከባድ ፋይል ከሩቅ ብጭንበትም ንቅንቅ አይልም። ቤት መጥቼ ፊቱ ቁጭ ስል ግን አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ድርግም! ለባልደረባዬ ብነግረው፣ «ካርዱ ደህና ነው፣ ዓይንህ ነው ክፉ» አለኝ። ስቄ ተውኩት። ማታ ግን፣ ማንም እንዳላየኝ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ያም ሆኖ ተቋረጠ።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቴ በእናቷ ክፍል ነገር ኩሽና ውስጥ አፋጠጠችኝ። ግድግዳችን ስስ ነው፣ እኛ ደግሞ ማንሾካሾክ አንችልበትም። ስንወጣ አማቴ በር ላይ ቆመዋል።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «ቤቴም ናፍቆኛል። ለሳጥኑም ክፍሉ ይለቀቅለት።»

ሚስቴ አልተከራከረቻቸውም። ወደኔ ዞራ ነው የተናገረችው። «እናቴ ቅዳሜ ከሄደች ያ ካርድ አስወጣት ብዬ ነው የምይዘው። እስከ ዓርብ ማታ ፈልገህ አግኘውና ሳጥንህን ከክፍሏ አውጣ።» ቀልድ አልነበረም። ስትቀልድ ቅንድቧ ይነሣል፣ ያን ጊዜ አልተነሣም።

ሐሙስ እንዲሁ ውሃ ስወቅጥ ዋልኩ። ዓርብ ፈቃድ ጠይቄ በጊዜ ቤት ገባሁ። በሩን አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ቀስ ብዬ ከፈትኩት። አማቴ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ደርሷል፣ ሬዲዮው ለራሱ ያወራል። ብመለስ ሰዓቱ ያልቃል፣ ብቀሰቅሳቸው ነውር ነው። ጫማዬን አወለቅኩና እንደ ሌባ በእግሬ ጣት ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የልጅነት ቪዲዮዎቻችንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጫንኩበት። አምስት ደቂቃ ሄደ። አሥር። ሃያ። መስመሩ ዝንፍ የለም። ፊት ለፊት ተፋጠናል፣ እያየሁት ነው፣ እያየኝ ነው፣ አይቋረጥም! ሙሉ ሰዓት እንዲህ ሄደ። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ራሴን ትከሻዬ ላይ መታ መታ አደረግኩ።

በዚህ መሀል አማቴ ነቁ። ወለሉ ላይ ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ውይ በሞትኩት! ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ዘጋሁብህ አይደል?» ብድግ አሉ። ሬዲዮውን ዘጉ። ማራገቢያውን አጠፉ። ወጡ።

በአራተኛው ደቂቃ መስመሩ ተቋረጠ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ቀና ብዬ ማራገቢያውን አየሁት። ፊቱን ያዞረው ወደ አልጋው አይደለም፣ ወደ ወንበሩም አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ጀርባ ነው። የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩና ካርዱ ላይ ያለችውን ብረት በጣቴ ነካሁ። ጮኽኩ። ለካ ይፈላል! እንዲህ ያለው ካርድ የተሠራው ቀንና ሌሊት ነፋስ ለሚያፏጭበት ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው። እኔ ያንን አዳራሽ በካፖርት የምጠብቀው ሰውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳወልቅ አንድም ቀን ለምን እንደማወልቅ አልጠየቅኩም።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል የሚለውን ሕጌን ያፈረሰብኝ ይሉኝታ ነው። እኔ በገባሁ ቁጥር ሁለት ነገር ይለወጥ ነበር፤ እኔ እገባለሁ፣ ማራገቢያው ይጠፋል። እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ማራገቢያውን ወደዚያ ማን እንዳዞረው ገባኝና ሳቄ ቆመ።

ሳሎን ስገባ እናትና ልጅ እራት ቀርበዋል።

«ጣትህን ምን ሆንክ?» አለች ሚስቴ።

«ካርዱ አቃጠለኝ።»

«ይጋረፋል እኮ» አሉ አማቴ። «መቼም አልነካሁትም፤ ወረቀትህን አክብሬያለሁ። ግን ወደ አልጋዬ ሳልፍ ወላፈኑ ቁርጭምጭሚቴን ይለበልበኛል። ልጄ ይሞቅሻል ብላ ያመጣችልኝን ማራገቢያ ወደሱ አዞርኩለት። እኛም ስልክ ቤት ሰሌዳው ሲግል መስመሩ ይለግም ነበር።»

«ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ያጠፉታል?»

«ሐኪሙ መጣ ብዬ ነዋ! ደግሞስ ከክፍል ሲወጡ ኤሌክትሪክ አብርቶ መሄድ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?»

ሚስቴ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። እኔ ግን ወደ አማቴ ጠጋ አልኩ። «እማማ፣ ከክፍሉ ያስወጣዎት እሱ አይደል? ምን ብለው አስታመሙት?»

ጉርሻቸውን አላምጠው ጨረሱ። «እሱ ሲታመም አንተ እዚያ ነህ። ይኸው ሦስት ሳምንት ከልጄ ጋር እራት የምበላው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ስሄድ ከማን ጋር ትበላለች? ከመሄዴ በፊት ይዳንላት ብዬ ነው።»

ሚስቴ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። እኔ የምገባበት ቀዳዳ ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ነገር በመዝገብ አይታይም፤ ሦስት ሳምንት መዝገብ ሳነብ የገዛ ሚስቴን ፊት አላነበብኩም።

«ነገ አይሄዱም» አልኩ።

«ለሳጥኑ ብለህ ነው ወይስ ለኔ?» አሉኝ፣ በቀጥታ እያዩኝ።

መዋሸት ቀላል ነበር። ግን ጣቴም ያቃጥለኛል፣ ልቤም ያቃጥለኛል፤ ለውሸት የሚተርፍ አቅም አልነበረኝም። «እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ ቢሄዱም አይከፋኝም ነበር» አልኩ። የሚስቴ እጅ አየር ላይ ቆመ። «አሁን ምሱን አውቄዋለሁ፤ ትንሽ ማራገቢያ እገጥምለትና ኮሪደር ይወጣል። ያለ እርስዎም ይሠራል። እርስዎን የምለምንዎ ለሌላ ነው። አጥፍቻለሁ። እዚሁ ይቀመጡና ቀስ እያሉ ይቅር ይበሉኝ።»

አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። እኔ መስመር ሲቋረጥ እንዲያ ጨንቆኝ አያውቅም።

«ቀስ እያልኩ ከሆነማ» አሉ በመጨረሻ፣ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው እየሳቡልኝ፣ «በአንድ ቅዳሜ አያልቅም።»

ሚስቴ ሳህን ልታመጣልኝ ተነሣች።