እኩል ናቸው

ሲስተር በዚያ የልብ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ የዋሸችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በሁለት ቃል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ዶክተሩ ክር የሚያህል ሽቦ በእጅ አንጓ አስገብቶ እስከ ልብ ድረስ ይሰደዋል። ሽቦው ጫፉ ላይ የደም ግፊት መለኪያ አለው። የልብ ቧንቧው ከጠበበበት ቦታ በፊትና በኋላ ያለው ግፊት ይነጻጸራል። ከፊተኛው ግፊት ከመቶው ሰማንያ ወይም ከዚያ በታች ብቻ ካለፈ፣ ቧንቧው በብረት መረብ ይከፈታል። ከዚያ በላይ ከሆነ በሽተኛው ኪኒኑን ይዞ ወደ ቤቱ። ታዲያ ሽቦውም አንዳንዴ ይዋሻል። ስለዚህ ሲያበቃ ከጠበበው ቦታ በፊት እስካለው ድረስ ወደ ኋላ ይሳብና ሁለቱ ግፊቶች ስክሪኑ ላይ አንድ መሆናቸው ይታያል። የምታየው እሷ ናት። "እኩል ናቸው" ስትል ዶክተሩ ዞሮ ሳያይ ሽቦውን ያወጣል። ከዓይኑ ይልቅ እሷን ያምን ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት የተኙት ብረት በያጅ ናቸው፤ ዝምተኛ ሽማግሌ። ልጃቸው ግን ሌላ ጉድ ነው። ሰፈሩ "ቡጢ" ይለዋል፤ እንዲያው በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት እናቱ ከዚሁ ሆስፒታል "ምንም የለብሽም" ተብላ በሄደች በሦስተኛው ቀን ሞታለች። ልክ የአባቱ ልኬታ መሀል ላይ ሲደርስ ቡጢ በሩን በእርግጫ ይደበድብ ጀመር። አባቴን ገደላችሁት ይላል። መስታወቱ ተሰነጠቀ። ሲስተር ወደ በሩ ዞረች። ዶክተሩ ሽቦውን ወደ ኋላ ስቦ ጠበቀ።

"እኩል ናቸው" አለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

ቁጥሩ ሰማንያ ስድስት ነው። ዶክተሩ ወጥቶ ቡጢን አባትህ መረብ አያስፈልጋቸውም፣ ወደ ቤት ይሂዱ አለው። ምነው አፉን በቆረጠው! ቡጢ አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። አንድ ጊዜ አፉን ሲለው ሁለት ጥርሱ ከነደሙ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ወድቆም አልማረውም፤ ጎኑን በጫማው ደጋገመው። ዶክተሩ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ያቃስታል።

ሲስተር ያላየችው ስክሪን ትዝ ያላት ያኔ ነው። ብትናገር ያ ጡጫ ወደ እሷ ይዞራላ። ፈራች፣ አለቀ። አራት ዘበኞች ተረባርበው ልጁን የፊጥኝ አስረው እስኪጎትቱት ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ የተቀዳውን ልኬታ ከፈተች። ሽቦው ወደ ኋላ ሲሳብ ሁለቱ መስመሮች አልተገናኙም። ስምንት ጨምሮ ነበር የሚናገረው። ሰማንያ ስድስት ያሉት ሰባ ስምንት ኖሯል። ሽማግሌው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ፤ ሊሄዱ።

"አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ" ብላቸው ወደ ዶክተሩ ሮጠች።

ዶክተሩ ከንፈሩን እየተሰፋ ነበር። በሩን ነበር የማየው፣ ስክሪኑን አላየሁም፤ ቁጥሩ ሰባ ስምንት ነው አለችው። የሚሰፋው ሐኪም መርፌውን እንደያዘ ቀረ። ዶክተሩ ባበጠ አፉ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"ሲመታኝ ታውቂ ነበር?"

አሁንም መዋሸት ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል?

"አውቅ ነበር።"

ስድብ ጠበቀች፤ ጥፊም ቢሆን ይሻላት ነበር። እሱ ግን ደሙን በፋሻ ጠረገና "ሰውዬውን መልሷቸው" ብቻ አለ። ሌላ ሐኪም ይተካህ ቢሉትም እምቢ አለ።

በያጁ እንደገና ተኙ። የደሙን ፍሰት የሚያፈጥነው መድኃኒት ሲገባ ደረታቸውን ጨመደዳቸው፤ ጥርሳቸውን ነከሱ። ልጁ አባቱ መመለሳቸውን ሰምቶ ኖሮ በዘበኞቹ ክፍል ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፤ ድው ድው የሚለው እዚህ ድረስ ይሰማል። ሲስተር ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ሰባ ሰባት መጣ። ዶክተሩ የተመታ ጎኑን በክርኑ ደግፎ ሽቦውን ወደ ኋላ ሳበ። መስመሮቹ ተደራረቡ። ደግማ አየች፣ ሠልሳ አየች።

"እኩል ናቸው" አለች።

የዶክተሩ እጅ ቆመ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን የተሰፋ ፊቱን አዙሮ ስክሪኑን ራሱ አየ። ከዚያ መረቡን እንድታቀብለው እጁን ዘረጋ።