ያደረባት

«“ያደረባት” የሚለውን ያውጡት አልኩ እኮ፣ ጋሼ!»

«የሁሉም ሰው የሕይወት ታሪክ እንዲህ ነው የሚጻፈው። እኔ ነኝ እንዴ የፈለሰፍኩት?»

የሟቿ እህት መልስ ሳትሰጥ አዲስ ለቀስተኞች ገቡ። አጎትና እሷ ተነሡ፣ ጨበጡ፣ ተቀመጡ። ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ መነሣትና መቀመጥ ራሱ ሥራ ሆኗል። አጎት ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ነገ ጠዋት በመታሰቢያው ላይ የሚያነቡትን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል፤ ለለቀስተኛው የሚያባዛው ማተሚያ ቤት በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ወረቀቱ «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባደረባት የኦቲዝም ሕመም ስትረዳ ቆይታ» ይላል።

«የገደላት የሳንባ ምች ነው» አለች እህት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አራት ቀን ብቻ።»

«ሕመም ስንል ሰው ያዝናል። ሌላ ስንል ይጠይቃል።»

«ይጠይቃ! እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ አልነበር?»

አጎት ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው። ለሟቿ፣ «ለምን» ከማለቷ ብዛት «ለምኒት» ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። በስድስት ዓመቷ «እስቲ ጆሮሽን ስጪኝ» ቢሏት፣ «ሁለቱንም?» ብላቸው ነበር።

ለምኒት የጎተራ እህል የሚያበላሸውን ሻጋታ ታጠና ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከማይክሮስኮፑ ሳትነሣ ሰባት ሰዓት ትውላለች፤ አንገቱ ላይ የፋብሪካ ምልክት የተሰፋበት ሸሚዝ ግን አምስት ደቂቃ አትችልም። ልብስ ሰፊ የሆነችው እህቷ ምልክቱን ከእያንዳንዱ ሸሚዝ በምላጭ ስትፈታ ኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለምኒት ትምህርት ቤቶችን እየዞረች መምህራኑን «ልጁ አልባለገም፤ የሚጮኸው አምፖሉ ነው፤ ጆሮውን ይረብሸዋል» ትላቸው ነበር። አንድ ትምህርት ቤት አምፖሎቹን የቀየረ ዕለት፣ ዶክተር ከተባለችበት ቀን ይልቅ ተደሰተች። «ኦቲዝም ያደረባት ተመራማሪ» ብሎ ለጻፈ ጋዜጠኛ ደግሞ ስልክ ደውላ፣ «የሚያድረው እንግዳ ነው። ይሄ አብሮኝ የተወለደ ነው» አለችው።

በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ምን አግኝቷት ነው?»

«ያው ሕመሟ ነዋ። የጭንቅላት ነው አሉ። እንኳን ዐረፈች፣ ምስኪን።»

አጎት ሰሙ። ወረቀታቸውን አዩት።

«አውጣው» አሉ የለምኒት እናት፣ ከወንድማቸው ጎን።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ…»

«አንድ ቀን ንግግሯን ልሰማ ሄጄ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። “እናቴ እኔን ለማዳን ያልሄደችበት ሐኪም የለም፤ ያመመኝ ነገር ግን አልነበረም” አለች። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ እጄን ማንሣት አቃተኝ።» በነጠላቸው ሳይሆን በመዳፋቸው አፋቸውን ጠረጉ። «እኔ ያሳደርኩባት ይበቃታል።»

አጎት ብዕራቸውን አወጡ። ከዚያ እስከ «ሕመም» ድረስ ያለውን ሰርዘው «ከኦቲዝም ጋር ተወልዳ» ብለው ጻፉ። «ስትረዳ ቆይታ» ላይ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ። እህት ደክሟት ግድግዳውን ተደግፋለች። አጎት በመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው፣ ከ«ስትረዳ» ጎን አንዲት «ን» ጨመሩ። *ስትረዳን ቆይታ።*

ሌሎች ለቀስተኞች ገቡና ቤቱ ሁሉ ተነሣ። አጎትም ተነሡ። ወረቀቱን ሳያጥፉ ከኮታቸው ሥር ደረታቸው ላይ ይዘው፣ የሚገቡትን በጎን እያሳለፉ ወደ ማተሚያ ቤቱ ወጡ። ቤቱ መልሶ ተቀመጠ።