ቃል አስታዋሿ

ሁለቱ ሴቶች ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እስከ ወገባቸው ባሕሩ ውስጥ ቆመዋል። ማዕበል በመጣ ቁጥር ወፍራሟ ትጮኻለች፤ ቀጭኗ ዓይኗን ትጨፍናለች። የግንቦት ባሕር የጉልበት መድኃኒት ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ሰው በሕንዷ ጎዋ ውስጥ ቢኖርም በአደባባይ አይናገረውም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የየመንደሩ ሰው አሮጌ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። የሚነከረውም ጎደሎ ቁጥር ነው፤ ሰባት ወይም ዘጠኝ ወይም አሥራ አንድ ጊዜ። ስምንት ጊዜ ተነክሮ የወጣ ሰው ጉልበቱ ባይሻለው ከራሱ በቀር የሚወቅሰው የለም።

«ስንት ሆነ?» አለች ወፍራሟ፣ ሉድቪና።

«አምስት» አለች ክላውዲና።

«ስድስት ነው እንጂ! ከፖስታ ቤት ጡረታ ስትወጪ መቁጠሩንም አስረክበሽ ነው የወጣሽው?»

ክላውዲና ሳቀች። ሉድቪና ኩዌት ውስጥ የሌላ ሰው ልጆች ስታሳድግ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራ ከተመለሰች ሁለት ወር ሆኗታል። ጸጉሯ ነጥቷል፣ ወገቧ ሰፍቷል፤ ሳቋ ግን ያው የድሮው ነው። ክላውዲና ያን ሳቅ በሰማች ቁጥር ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ከሉድቪና ፊት ታሸሻለች።

የሉድቪና የእህት ልጅ ዜልማ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ወደ ውሃው ገባች። አስተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ለጸሎት ቤቱ በዓል የመንደሩን ቲያትር የምታዘጋጀው እሷ ናት። በቲያትሩ የአያቲቱን ክፍል የምትጫወተው ሴትዮ ሳታስበው የእንግሊዝ ቪዛ ወጥቶላት ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ ለትዕይንቱ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

«አክስቴ፣ ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ። እምቢ ካልሽ አያቲቱን ገድያት ታሪኩን ከቀብሯ ልጀምረው ነው።»

«ግደያት! ነፍስ ይማር። እኔ እንደሆንኩ ጭንቅላቴ ወንፊት ነው። ለገበያ እንኳ የምገዛውን መዳፌ ላይ ጽፌ ነው የምወጣው።»

«ድምፅሽን እኮ መንደሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል።»

«መርሳቴንም ያወራዋል።» ሉድቪና ፊቷን በጨው ውሃ አበሰችና የክላውዲናን እጅ ወደ ላይ አነሳችው። «እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ። ይህቺ ቃል አስታዋሽ ሆና ከመጋረጃው ጎን ከተቀመጠችልኝ እሞክራለሁ። የዚያን ለት መድረክ ላይ ሆኜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። ቃሉን ደጋግማ ትነግረኝ ነበር፤ በፍርሃት የደነቆርኩት እኔ ነኝ። ከሷ ሌላ የማምነው የለም።»

ዜልማ በደስታ ወደ ክላውዲና ዞረች። «አክስት ክላውዲና፣ እሺ ይበሉን እንጂ!»

«ከምሳ በኋላ ልንገርሽ» አለች ክላውዲና። እጇ አሁንም በሉድቪና እጅ ውስጥ ነበር።

ከአርባ አራት ዓመት በፊት በዚሁ በግንቦት ወር ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሁለቱ ልጃገረዶችና ጥሩምባ ነፊው ሜኒኖ። አመሻሽ ላይ ጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቲያትር ያጠናሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ በዓሣ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ባሕር ይወርዳሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ትልቁን መረብ ከዳር ሆነው ሲጎትቱ ገመዱን ያግዟቸዋል፤ ለድካማቸው አንድ እፍኝ ዓሣ ይሰጧቸዋል፤ እሱን በኮኮናት ልጣጭ እሳት ጠብሰው እጃቸው እየተቃጠለ ይበላሉ። ከዚያ ሜኒኖ ይነፋል፣ ሉድቪና ትዘፍናለች፣ ክላውዲና ታጨበጭባለች። በዕድሜዋ ሙሉ ከዚያ የበለጠ ደስታ አግኝታ አታውቅም፤ ይህንን ለማወቅ ደግሞ እርጅናን መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ያኔም ታውቀው ነበር።

የክላውዲና አባት መድረክ ላይ እንድትወጣ አልፈቀዱላትም። ጽሕፈቷ ያማረ ስለነበር የየተዋናዩን ቃል እየገለበጠች ታድላለች፤ የትዕይንቱ ለት ደግሞ ከመጋረጃው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ቃል ለጠፋበት በሹክሹክታ ታቀብላለች። በሉድቪና አልቀናችም። እንዲያውም ያ ድምፅ የራሷ ይመስላት ነበር። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው።

የበዓሉ ለት እኩለ ቀን ላይ ከባሕር ሲወጡ ሉድቪና ጸጉሯን እየጨመቀች፣ «የቦምቤይ ቲያትር ቡድን አለቃ ዛሬ ማታ ሊያየኝ ይመጣል» አለች። «ከወደደኝ በሚመጣው ግንቦት የምታዩኝ ትኬት ገዝታችሁ ነው፤ በነጻ የለም!» ሜኒኖ ሳቀ። ክላውዲናም ሳቀች፤ ምሳዋን ግን መብላት አልቻለችም።

ሉድቪና የምትጫወተው አማቷ ከቤት የምታባርራትን ሙሽራ ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ዞር ትልና፣ «ቁልፉን እንኪ፤ በሩን ግን የምዘጋው እኔ ነኝ» ትላለች፤ በልምምድ ጊዜ እንኳ ይህን ስትል ሴቶቹ እያለቀሱ ያጨበጭቡ ነበር። የዚያን ለት በሩ ጋ ደረሰች፣ ዞረች፣ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ዓይኗ ወደ መጋረጃው ጎን መጣ። ቃሉ የክላውዲና ጣት ሥር ነበር።

አንድ ትንፋሽ ልቆይ፣ አለች በልቧ። የቦምቤዩ ሰው ፊቱን ያዙር፣ ከዚያ እነግራታለሁ። አንዱ ትንፋሽ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ከኋላ አንዱ፣ «እህት ዓለም፣ ቶሎ ውጪ እንጂ፣ ሩዙ አረረ!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሜኒኖ ሳቁን ለመሸፈን ያለ ተራው ጥሩምባውን አንስቶ ነፋ። ሉድቪና በማትወጣበት በኩል ሮጣ ወጣች፤ የቦምቤዩም ሰው ትዕይንቱ ሳያልቅ ተነስቶ ሄደ።

ሉድቪና ከዚያ ወዲያ መድረክ አልረገጠችም። አንድ መርከበኛ አገባች፣ ልጅ ወለደች፣ ባሏ ሲሞትባት ኩዌት ሄደች። ክላውዲና ሜኒኖን አገባች። እሱም በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙጫው እንዳይዘው እጁን ዘይት ቀብቶ ጃክ የሚባለውን ትልቅ ፍሬ እየፈለቀቀ ሳለ፣ «የዚያን ለት አፍሽ ተዘግቶ ነበር» አላት። «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው» አለችው። «ይሁን» አለ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልደገመውም። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ቃል አስታዋሽ ሆነው አያውቁም።

ምሳው ከዘንባባዎቹ ሥር ቀረበ፤ የሩዝ አጥሚት፣ የተጠበሰ ደረቅ ዓሣ፣ በጨው የከረመ ማንጎ። ክላውዲና ሳህኗን ይዛ ታስባለች። እሺ ብትልስ? በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ እያንዳንዷን ቃል ሳትጠየቅ ታቀብላለች፤ ሉድቪና ትጫወታለች፤ ዕዳውም በዚያው ይከፈላል። ማን ይጎዳል? ሐሳቡ በጣም ደስ አላት፤ ደስ ማለቱም አሳፈራት።

ሉድቪና አፏን ሞልታ ወሬ ይዛለች። «የልጄ ሠርግ ላይ መርቂ ብለው ማይክ ሲሰጡኝ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ሽንት ቤት ገባሁ! ኬኩ ተቆርጦ እስኪያልቅ አልወጣሁም። ሙሽራዪቱ እስከ ዛሬ ተቅማጣም አማት ያላት ይመስላታል።» ዜልማ በሳቅ ትን አላት። ሉድቪናም አብራ ሳቀች፤ ከሳቋ ቀጥሎ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዲት ምርቃት እኮ ናት። ከልጅነቴ የማውቃት ምርቃት» አለች።

ክላውዲና ሳህኗን አስቀመጠች። «ተነሺ፣ ሦስት ይቀርሻል» አለቻት።

ውሃው ከጠዋቱ ሞቅ ብሎ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ክላውዲና ከመነከራቸው በፊት ተናገረች፤ ከተነከሩ በኋላ እንደማትናገረው ራሷን ታውቃለች።

«ሉድቪና፣ ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም።»

«የቱ ከንፈር?»

«የዚያን ለት። ቃሉ ጣቴ ሥር ነበር። አንቺም አየሽኝ፣ እኔም አየሁሽ። አልነገርኩሽም።»

«ፀሐይ መታሽ እንዴ አንቺ?» ብላ ሳቀች ሉድቪና። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየች። «ጉሮሮሽ ደርቆ ይሆናላ። ልጅ ነበርን፤ አንቺም ደንግጠሽ ነው።»

ለሜኒኖ የዋሸችው ያው ውሸት አሁን በምሕረት መልክ ቀረበላት። ለመቀበል አንድ «አዎ» ብቻ ይበቃ ነበር።

«አልደነገጥኩም። ቦምቤይ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

ማዕበሉ መጣና ደረታቸውን መታቸው። ሉድቪና በዚህኛው አልጮኸችም።

«ስለዚህ ወንፊት አይደለሁም» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ።

«አይደለሽም። ከሁሉ ቀድመሽ በቃልሽ የምትይዢው አንቺ ነበርሽ። አንድ ቃል ለማንም ይጠፋል፤ እኔ እዚያ የተቀመጥኩት ለዚያ ነበር።»

«ሜኒኖ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እሱ እንኳ ጥሩምባውን ነፋልኝ» አለች ሉድቪና። እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች፤ ሳትቆጣ፣ ሳትወረውር። ብትሰድባት፣ በጥፊ ብትላት ክላውዲና ትመርጥ ነበር። «አርባ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንቺን ሳላሳፍርሽ አልቀረሁም እያልኩ ነው የኖርኩት። ከኩዌት ስጦታ በላክሁልሽ ቁጥር ይህንኑ ነበር የማስበው።»

ክላውዲና «ይቅር በዪኝ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ትንሽ ሆነባት።

ሉድቪና፣ የረጠበ ቀሚሷ እየከበዳት፣ ወደ ዳር አዘገመች። ዜልማ ፎጣ ይዛ ተቀበለቻት።

«እጫወታለሁ» ስትል ተሰማ። «የአያቲቱን ወረቀት አምጪ።»

«ይኸው! አላልኩም? አክስት ክላውዲናም እሺ አሉ ማለት ነው?»

«አስታዋሽ ሌላ ፈልጊ።»

«እንዴ! ራስሽ አይደለሽ እንዴ ካለሷ አልጫወትም ያልሽው?»

«ሌላ ፈልጊ አልኩሽ። ባታገኚም ግድ የለም።»

ዜልማ ግራ ተጋብታ እስከ ውሃው ጠርዝ መጣች። «አክስት ክላውዲና፣ ምን ተባባላችሁ? ተጣልታችሁ ነው እንዴ? ላስታርቃችሁ?»

ሉድቪና ልትጫወት ነው ብላ ክላውዲና ተደሰተች፤ የእውነት ተደሰተች፤ እንባዋም በዚያው መጣ። ፊቷ በባሕሩ ረጥቦ ስለነበር ማንም አልለየውም።

«እውነቷን ነው ልጄ» አለች። «ሌላ ፈልጊላት።»

ከዜልማ ኋላ ሉድቪና አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን ስላላመጣች ወረቀቱን በክንዷ ልክ አርቃ ይዛ፣ የአያቲቱን ቃል ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ነፋሱ ወደ ባሕር ይነፍስ ስለነበር ድምፁ ውሃው ድረስ ደረሰ። ክላውዲና አንገቷን አቅንታ አዳመጠች። ድምፁን ትሰማዋለች፤ ቃሉ ግን አልለይላት አለ። ጠጋ ልትል አንድ እግሯን አነሳች፤ መልሳ እዚያው አሳረፈችው።