የኤሞሩት ሞተር የመሃል መቆሚያ

ልጆቼ፣ ደም ያለበት ወሬ ማውራት አልወድም። ይህን ግን ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ እኔው ብነግራችሁ ይሻላል።

ኤሞሩት ሞተሩን በግራ እጁና በዳሌው እየገፋ እኔ ሞተር ከምጠግንበት ማንጎ ዛፍ ሥር ደረሰ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ በደም ጠቁሯል። ከትናንት በስቲያ ሽፍቶች ሁለት ጣቱን በገጀራ ወስደውበታል። ከኋላው ተሳፍራ የነበረችውን አጉቲን ደግሞ ገድለዋታል፤ የደረቅ ዓሣ ነጋዴዋን፣ የሦስት ልጆች እናት። በዚያች ሰዓት ከከተማው ማዶ እየቀበሯት ነበር።

«አባባ ኦዴኬ፣ ይህን ነገር ፍታልኝ» አለና ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለውን ባለሁለት እግር መቆሚያ ረገጠው።

«የመሃሉን?»

«አዎ፣ የጎኑ ይበቃኛል። እሷን ያስገደላት ይሄ ነው።»

እኛ ዘንድ የመሃል መቆሚያ የሌለው ሞተር ግማሽ ሞተር ነው። ሁለት ጆንያ ከሰል ሲጫን፣ በሽተኛ ሲወጣበት፣ ሞተሩ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በጎን መቆሚያው ልጫን ያለ ከነጭነቱ ሲገለበጥ ስንቱን አይቻለሁ። ሞተረኛ ደግሞ መንገድ ላይ የመሃሉን አያወርድም። ያን ካወረደ «ደርሰናል፣ ውረዱ» ማለቱ ነው።

«እስቲ አረፍ በልና እንዴት እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት።

አላረፈም። ቆሞ ነገረኝ።

«ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ ዳገቱን ልወጣ ስል ሦስት ሰዎች ከላይ ብቅ አሉ። ፍሬን ያዝኩ። ልዞር ስል ሞተሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ያኔ ይሄ ወርዶ መሬት ነከሰ። ሞተሩ ቂብ አለ! ነዳጅ ብሰጠው ብሰጠው የኋላው ጎማ አየር ላይ ይዞራል። አጉቲ ‹ሂድ! ሂድ እንጂ!› እያለች ጀርባዬን በቡጢ ትደልቀኛለች። ከዚያ መደለቋን ተወች። የመጀመሪያው አንገቷን ብሏት ነበር። ሁለተኛው እጄን አለኝ። መሪውን እንደያዝኩ ነበር፣ አባባ። ጣቶቼ ሲወድቁ አየኋቸው።»

ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ደርሶ ሽፍቶቹ ሸሹ። ሞተሩንም ሬሳውንም ጭኖ ያመጣው የዚያ መኪና ሾፌር ነው። ያየውንም ለከተማው አወራ። ያየው ደግሞ፣ ሞተሩ ወንዙ ዳር፣ ዳገቱ ሥር፣ በመሃል መቆሚያው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሴትየዋ ከሥሩ ታርዳ ነው።

«‹አቁሞ ሰጣቸው› እያሉ ነው» አለኝ ኤሞሩት። «ፌርማታው ላይ ሰላምታዬን የመለሰልኝ የለም። ፍታውና ጉድጓድ ውስጥ ወርውረው። ዓይኔ እንዳያየው።»

ተንበርክኬ ከሥሩ አየሁ። መቆሚያውን ወደ ላይ ስቦ የሚይዘው ሞላ የለም። በሞላው ቦታ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ነበር፤ እሱም መሃሉ ላይ ተበጥሶ ሁለቱ ጫፎቹ ተንጠልጥለዋል።

ላስቲኩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሞላው ተሰብሮበት የመጣ ዕለት «እስከ ገበያ ቀን ይይዝልሃል» አልኩት። ከዚያ እሱም ረሳው፣ እኔም ረሳሁት። እዚህ አገር በላስቲክ የማናስረው ነገር የለም፤ መብራቱን፣ መስታወቱን፣ የቤቱን በር። ግን መቆሚያን ያህል ብረት ላስቲክ ብዙ እንደማይችለው አውቅ ነበር። ፀሐይ ይበላዋል።

«ምን አየህ?» አለኝ።

«ዝገት» አልኩት። ዋሸሁት፣ ልጆቼ።

ቁልፌን አነሳሁ። የሚፈታው ሁለት ብሎን ነው። ብፈታው መቆሚያው ከነላስቲኩ ጉድጓድ ይገባል፣ የእኔም ጥፋት አብሮት ይገባል። ኤሞሩት ሞተሩን አቁሞ እንዳልሰጣቸው የሚመሰክርለት ግን በዚህ ዓለም ላይ ያ የተበጠሰ ላስቲክ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ብሎን ግማሽ ዙር አላላሁት። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ።

እንዲህ እንደሆንኩ አጉቲን የቀበሩት ሰዎች ከቀብር ቀጥታ መጡ። የቀብር አፈር ያልለቀቀው ዶማና አካፋ በእጃቸው ነው። ፊት ፊት የሚሄደው ኦጁሎንግ ነበር፤ የአጉቲ ወንድም፣ ጡብ ሠሪው።

«የታለ ሞተረኛው? እህቴን የት እንዳደረስካት ንገረና!»

«ኦጁሎንግ፣ በእናቴ ስም—» አለ ኤሞሩት።

«ጣቱንም ለማስመሰል ነው የቆረጡለት!» አለ ከኋላ አንዱ። «ሁለት ብቻ? ወዳጆችህ አዘኑልህ?»

የዶማ እጀታ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ኤሞሩት ወደቀ። አካፋው ጀርባው ላይ ጠፍ አለ፤ የተጠቀለለውን እጁን አንዱ በጫማው ቆሞበት አሸው። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሌላው ከእኔው ክምር አሮጌ ጎማ አንስቶ እያንከባለለ አመጣ፤ ሌላው ጀሪካኔን ከፍቶ አሸተተ። ያ ጎማ አንገት ላይ ሊጠለቅ እንደሆነ፣ ያ ነዳጅም በላዩ እንደሚፈስ እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ጎማው በኤሞሩት ጭንቅላት አልፎ ትከሻው ላይ ተቀመጠ።

«ኦጁሎንግ! ልጄ! መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ እይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑን ነው የማየው፣ ሽማግሌ?»

«መቆሚያውን እሱ አላወረደውም! ላስቲኩ ተበጥሶ ራሱ ነው የወረደው። ላስቲኩን ያሰርኩት እኔ ነኝ!»

ኦጁሎንግ ተንበረከከ። የላስቲኩን ሁለት ጫፍ በጣቱ ነካ። መቆሚያውን በእጁ ወደ ላይ አንስቶ ለቀቀው፤ ወርዶ መሬት መታ። ደግሞ አነሳው፣ ደግሞ ወረደ።

«እንደማይችል ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

እሱ እጁን ይሰነዝራል ብዬ ስጠብቅ የተነሳው ኤሞሩት ነው። ጎማውን ከአንገቱ ጣለ፤ ጎማ የማወጣበትን ብረት በግራ እጁ አነሳ። የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አጥንቴ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው አፌን አገኘኝና ሁለት ጥርሴን ዋጥኩ።

«ሂድ ትለኝ ነበር!» ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይመታኛል። «ሂድ ትለኝ ነበር እኮ! ዝገት አልከኝ!»

ሦስተኛውን ለአናቴ ሲያነሳ ኦጁሎንግ ክንዱን ጨብጦ ያዘው።

«ተው። ዛሬ አንድ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልቆፍርም።»

ኤሞሩት ብረቱን ጥሎ ቁልፌን አነሳ።

«አትፍታው ልጄ» አልኩት ከመሬት ላይ፣ ደም እየተፋሁ። «ደህና ሞላ ካገባህበት ምንም አይልህም። ከሰልህን በምን ትጭናለህ?»

«ዝም በል! እሱ ከሥሬ እያለ አልነዳም።»

በአንድ እጅ የሚሆን ሥራ አልነበረም። ሊያቃጥሉት የመጡት ሰዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሞተሩን ከግራና ከቀኝ ደግፈው ያዙለት። መቆሚያው ተፈትቶ ሲወድቅ ኤሞሩት አንስቶ ደረቴ ላይ ወረወረውና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም፤ ከሰል የሚጭን ሰው ሲጠራው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል ይላሉ።

ሰዉ ሲበተን ኦጁሎንግ ቀረ። በዶማው ተደግፎ ቁልቁል አየኝ።

«ነገ ወደ ልጆቿ ትመጣለህ» አለኝ። «ለእኛ ያልከውን ለእነሱም ትላቸዋለህ።»

ሄድኩ። ሦስቱም ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። አፌ አብጦ ቃሌ ስላልጠራላቸው ትልቋ «አልሰማንህም፣ አባባ» አለች። ሁለተኛ ደግሜ ነገርኳቸው።