ሰነፍ ያልናት

ወንድሜ ሚስቱን ያገኛት ዳቦ ቤት ነው። እሷ ባንኮኒ ላይ ትሸጣለች፣ እሱ የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ይሰለፋል። እጇም እንደ ምላሷ ፈጣን ነበር፤ ለአንዱ ዳቦ እየጠቀለለች ከሌላው ጋር ትቀልዳለች። "ይቺ ቀልጣፋ አንድ ቀን አንተንም ጠቅልላ ለሰው ትሰጥሃለች" ብዬው ነበር። ወድጃታለሁ።

ልጃቸውን ሚጡን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። የአዋላጇ ጫማ ሳይቀር ርሶ ነበር። ራሷን ሳተች፤ የሰው ደም ተሰጥቷት ለጥቂት ተረፈች። ጡቷ ግን ወተት አልያዘም፤ አንዲት ጠብታ እንኳ። "ይመጣል፣ ታገሡ" አሉን። አልመጣም። ወንድሜ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የስፌት መኪናዬን አስጭኜ እነሱ ቤት ገባሁ። ሕፃኗን በጡጦ ይዤ ለአንድ ወር ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አራስ ናት ብለን ዝም አልናት። ዓመት ሲሞላ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ሰው በፀሐይ ሲቃጠል እሷ ሹራብ ደራርባ ትንቀጠቀጣለች። አንድ ሳህን አጥባ ቁጭ ብላ ታርፋለች። ድምፅዋ ጎረነነ፣ ንግግሯ ተጎተተ፤ የጀመረችውን ነገር እስክትጨርስ እኔ አንድ እጅጌ እገጥማለሁ። ፊቷ ገርጥቶ አበጥ አለ፣ ቅንድቧ ከዳር ሳሳ። ዳቦ ቤቱ ሁለት ጊዜ መልሶ ቀጠራት፤ ሁለቴም በሳምንቷ አሰናበታት። ጤና ጣቢያ "ደም ማነስ ነው" ብለው እንክብል ሰጧት።

"እኔ እንጃ እትዬ፣ ሰውነቴ የኔ አይመስለኝም" አለችኝ አንድ ቀን።

"ሰነፍ ምን ጊዜም ሰበብ አያጣም" አልኳት። በዚህ አፌ።

ሚጡ አፏን ስትፈታ "እማ" ያለችው እኔን ነው። አላረምኳትም። እናቷ በር ላይ ቆማ ሰማች፤ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ግድ የላትም አልኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ምን ልዋሽ።

ሚጡ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት የሆድ በሽታ ቤቱን አዳረሰው። እኔና ልጅቷ በሁለት ቀን ተነሣን። እናቷ ግን ስታስታውክ ሰንብታ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። በታክሲ ሆስፒታል አደረስኳት። አንዲት ወጣት ሐኪም ፊቷን፣ ቅንድቧን ትክ ብላ አየች።

"ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር?" አለችኝ።

"በጣም እንጂ።"

"አጠባች?"

"ወተት አልመጣላትም።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ በሽተኛዋ ጎንበስ አለች። "ከዚያ ወዲህ የወር አበባ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

የወንድሜ ሚስት በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር እኔ አልጠየቅኳት፤ እሷም አፍራ ውጣዋለች።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ አስረዳችኝ። "ከአንጎሏ ሥር አተር የምታህል ዕጢ አለች፣ ፒቱታሪ የምትባል። ወተቱን፣ የወር አበባውን፣ አንገቷ ላይ ያለውን፣ ሰውነት የሚያሞቀውንና የሚያነቃቃውን ታይሮይድ፣ በሽታ የምትቋቋምበትን ኃይል ሁሉ የምታዘው እሷ ናት። ያን ዕለት ደሙ ሲፈስ ዕጢዋ ደም አጥታ ሞተች። ታይሮይዷ ራሱ ጤነኛ ነው፤ እንዲሠራ የሚያዘው ግን የለም።"

"ስንፍናውስ?" አልኩ፤ አመለጠኝ።

"የምን ስንፍና?" አለች ሐኪሟ።

መጀመሪያ መርፌ፣ ቀጥሎ ዕድሜ ልኳን የምትውጠው ሁለት ዓይነት እንክብል ተሰጣት። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ከወጥ ቤት ሳቅ ሰማሁ። ምን እንግዳ መጣ ብዬ ብቅ ስል እሷ ናት፤ ከጎረቤት ጋር እየተቀላለደች ሽንኩርት ትከትፋለች። ወንድሜ ከመንገድ ሲገባ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ልጅቷን ግን የሚመልስ እንክብል የለም። "ነይ ፀጉርሽን ልሥራሽ" እናቷ ስትላት፣ ሚጡ "እማ ትሠራኛለች" ብላ እኔ ጋ ተወሸቀች። የእናቷ እጅ ማበጠሪያውን እንደያዘ ቀረ።

በማግስቱ እናቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "እትዬ፣ ልጄን አሳድገውልኛል፤ ውለታዎን አልረሳም። ግን እርስዎ እዚህ እያሉ ወደ እኔ አትመጣም።"

"ይቅር በይኝ" አልኳት። "ሰነፍ ስልሽ ኖርኩ።"

"እኔም እኮ አምኜዎት ነበር" አለች።

በዚያው ሳምንት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሚጡ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየመጣች በሬ ላይ ታለቅስ ነበር። "እናትሽ ትጠብቅሻለች" እያልኩ እመልሳታለሁ፤ ከዚያ በሩን ዘግቼ ተራዬን አለቅሳለሁ።

ይኸው ዓመት ሆነው። ትናንት የዩኒፎርሟን ቀሚስ ለማስረዘም መጣች። አድጋለች። ጠርዙን ፈትቼ እስክሰፋው ድረስ አሥር ጊዜ ወደ መስኮቱ አየች። እናቷ ውጭ ቆማ ነበር። ቀሚሷን ተቀብላ፣ ጉንጬን ስማኝ ሮጠች፤ ክንዷን በእናቷ ክንድ ቆልፋ እያወሩ ሄዱ። ማዶ እስኪሻገሩ ድረስ አየኋቸው። ከዚያ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ገባ፤ ቁመቱን ለካሁለት።