መብረቅ የሰጠችው ቁጥር

በሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል «መብረቅ» ይሏታል። ሐኪም የጻፈውን የበሽታ ስም ወደ ቁጥር መቀየር ነው ሥራዋ፤ ሌላው በቀን ሠላሳ ፋይል ሲጨርስ እሷ ስልሳ! የበሽተኛ ስም ግን አታይም። ለምስጢር ሲባል የካርድ ቁጥርና ምርመራው ብቻ ነው የሚደርሳት። እሷንም ተመችቷታል፤ ስም ካላዩ ሆድ አይባባም።

ዛሬ ግን የምታውቃት በሽተኛ አለች። የታናሽ እህቷ የሦስት ወር ልጅ ፎቅ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶላት ተኝታለች። በእንግድነት የመጡት የልብ ቀዶ ሐኪሞች ነገ ሥራ ይጀምራሉ፤ ዐሥራ ሁለት ሕፃናት ብቻ። የሚገቡትን ኮምፒውተሩ ነው በበሽታ ቁጥራቸው የሚመርጠው።

እህቷ የሰጠቻትን የካርድ ቁጥር ይዛ የተመረጡትን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለገች። የለችም! ፋይሉን ከፈተች። «የልብ ችግር፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ» የሚለው ቁጥር ተቀምጧል። ከሥሩ የሞላው ሠራተኛ መለያ አለ። የራሷ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ነበር። የበሽታው ስም እንግዳ ሆነባት፤ መጽሐፉን ማገላበጥ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ፋይሉ ደግሞ ስልሳኛው ነው። እንዲህ ሲያጋጥም የክፍሉ ሰው ሁሉ «ያልተገለጸ» ብሎ ያልፋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያልተገለጸን ለቀዶ ሕክምና አይመርጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እንዲህ ያለው በምን እጅ ይለቀማል?

የበሽታውን ስም በወረቀት ይዛ እየሮጠች የልብ ሐኪሙ ዘንድ ደረሰች። «ዶክተር፣ በፈጠረዎት፣ ይሄ በሽታ ምንድን ነው?»

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ልብ ሣለላት፤ ከላይ በግራ ያለውን ክፍል በአንድ መስመር ለሁለት ከፈለው። «የሰው ልብ አራት ክፍል አለው፤ የእሷ አምስት ሆኗል። እዚህ ጋ ስስ ግድግዳ አብሯት ተፈጥሯል፣ ቀዳዳው የመርፌ ዓይን ነው የሚያክለው። ከሳንባ የሚመለሰው ደም ማለፊያ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ለዚህ ነው የምታለከልከው።»

«ትድናለች?»

«ግድግዳው ተቆርጦ ከወጣ እንደማንኛውም ልጅ ታድጋለች። ካልወጣ ግን ሳምንት መቆየቷንም እንጃ።»

ቁጥሩን አስተካክላ ወደ ቀዶ ሕክምናው አስተባባሪ በረረች።

«ዝርዝሩ ጠዋት ተዘግቷል» አለች አስተባባሪዋ። «የማንን ልጅ አውጥቼ የአንቺን ላስገባ?»

መብረቅ ዝርዝሩን እንደገና አየች። የዐሥራ ሁለቱንም ቁጥር የሰጠችው እሷው ናት፤ በእነሱ ላይ አንድም ስህተት አልነበራትም።

ፎቅ ላይ እህቷ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች። «እ? ገባችልኝ?»

«አልገባችም። ቁጥሯን ሰው ተሳስቶ...»

«ማነው እሱ? እጁ ይቆረጥ! እንባዬ ይፍረድበት!»

«እኔ ነኝ» አለች መብረቅ። «እህትዬ፣ እኔ ነኝ። የእኛ ልጅ መሆኗን አላወቅኩም።»

እህቷ ቀና አለች። «የሌላ ሰው ብትሆንስ?»

ሕፃኗን ከነቱቦዋ በመብረቅ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠች። «ያዢያት። እኔ ሄጄ ሐኪሞቹ እግር ላይ ልውደቅ።»

በሩ ተዘጋ። የትንሿ ደረት ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። መብረቅ «አይዞሽ» ልትላት ፈለገች፤ ቱቦውን ብቻ አቀናችላት።