በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ ሱሪ

ልብስ ሰፊዋ በቴሌቪዥን ጣቢያው ስፌት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሰፋ አንድ ስፌቷ ተተርትሮ አያውቅም። ይኸን መሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩም፣ በነገር የምትወጋት የባሏ እህትም ያውቃሉ። ሀብቷም ሹመቷም ይኸው ስሟ ነው።

ጣቢያው ከባሕር ማዶ የቅዳሜ ከሰዓት የዘፈንና የቀልድ ዝግጅት ሲገዛ አብሮት አንድ መጽሐፍ መጣ፤ ቢቀመጡበት በርጩማ ይሆናል። መቼ እንደሚሳቅ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚለቀስ፣ ሶፋው ምን ዓይነት ቀይ እንደሚሆን ሁሉ ተጽፎበታል። የዝግጅቱ ኃላፊ ታቅፎት ነው የሚውለው፤ የገዛ ልጁን እንኳ እንደዚያ አቅፎ ያየው የለም።

አንድ ቀን ስፌት ክፍል ገባና የመድረክ መሪውን ሱሪ ልክ ከመጽሐፉ አነበበላት፤ ወገብ ሰባ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ሰፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ የማን ወገብ ነው አለችው። የመድረክ መሪው ነው አላት። የኛው መድረክ መሪ ሰባ ስድስት የነበረው ዳዴ ሲል ነው አለች። ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኬክ ይበላል፤ ጠርቼ ልለካው ብትል ኃላፊው አሻፈረኝ አለ። ከመጽሐፉ ፈቀቅ ያለ ፈቃዱን ይነጠቃል ይላል ውሉ።

“እትዬ፣ እርስዎ ብቻ የተጻፈውን ይስፉ።”

“እሰፋለሁ። ሲቀደድ ግን ስሜን እንዳታነሳ።”

ቅዳሜ መድረክ መሪውን አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው ሱሪው ውስጥ እንደ ጆንያ ጠቀጠቁት። መጽሐፉ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይዘለል ይላል። በመጀመሪያው ዝላይ ሱሪው ከኋላ ጧ አለ። አገር ምድሩ በቀጥታ ስርጭት የሰውዬውን የውስጥ ሱሪ አየ፤ ባለ ነጠብጣብ ነበር።

ማስታወቂያ ሲገባ ሰፊዋ መርፌ ይዛ ከሶፋው ኋላ ተንበረከከች። ስፌቱ ንቅንቅ አላለም፤ የተቀደደው ከስፌቱ አንድ ጣት ወዲህ፣ ጨርቁ ነው። ግን ይኸን ለማን ታስረዳ? የባሏ እህት ወዲያው ደውላ፣ እጅሽም እንግዲህ አረጀ፣ ምን ይደረጋል ብላ አዘነችላት። ያ ሐዘኔታ ከስድብ ይብስ ነበር።

ሰኞ ትባረራለች ሲባል ኃላፊው ጥርስ በጥርስ ሆኖ መጣ። የዝግጅቱ ባለቤቶች ከባሕር ማዶ አይተው በሳቅ ፈርሰዋል፤ መጽሐፉ ላይ አዲስ ገጽ ጨምረዋል፤ ከእንግዲህ በየአገሩ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሱሪ ይቀደዳል። በጨርቅ ዕድል ግን አይታመንም፤ ስፌቱ ራሱ ላላ ተደርጎ ይሰፋ፣ ሲዘል ይተርተር ተባለ።

“ስምዎም መጨረሻ ላይ ይወጣል። ‘የሚቀደደውን ሱሪ የሰፋች’ ተብሎ።”

ሰፊዋ መድረክ መሪውን መጋረጃ ኋላ ጠርታ ለካችው፤ መቶ አሥራ ሁለት። መቀመጫውን በድርብ ጨርቅ፣ በድርብ ክር፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ሰፋችው። ቅዳሜ ሲለብሰው የሰውዬው ፊት በራ፤ ዛሬስ መተንፈስ ቻልኩ አላት። ተንፍስ ልጄ፣ እንደ ልብህ ዝለል አለችው።

ዘለለ። ከበሮው ተመታ፤ አዳራሹ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ሁለተኛ ዘለለ፤ ሦስተኛም። ካሜራው ከኋላው ዞሮ መቀመጫው ላይ ተተክሎ ቀረ። ኃላፊው ከጥግ ሆኖ በእጁ ቅደደው ቅደደው ይለዋል። ሰውዬው ቁጢጥ አለ፣ አጎነበሰ፣ በመጨረሻ በሁለት እጁ ይዞ ጎተተ። ወይ ፍንክች። አገር ምድሩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ በመስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ስፌት አየ።

ሰኞ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቁም፤ በማግስቱ እሑድ ጠርተው የስንብት ደብዳቤ ሰጧት። ሥራ በማበላሸት ይላል። ሰፊዋ አልፈርምም አለች።

“ምኑ እንደተበላሸ ይጻፍ። የሰፋችው ሱሪ አልቀደድ ስላለ በል፣ ያኔ እፈርማለሁ።”

ኃላፊው ቀለደ፣ ተቆጣ፣ ለመነ። እሷ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ሲመሽ ጻፈላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችውና ፈረመች።